ቀዩ ላስቲክ ከቴሌቪዥናችን ላይ እንዳይነሣ ስለመለመን

ነሐሴ ፳፬ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ብርሃነ መስቀል
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ እንደምን ይዞዎታል? ጤናዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጅዎ፣ ቤትዎ ሁሉ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። መልካም ምኞት እንደ ስኳርና እንደ ሳሙና በኩፖን የሚታደል ስላልሆነ ሳልቆጥብ እመኝልዎታለሁ። ስለ እኛ ስለ ነዋሪዎችዎ የጠየቁን እንደሆነ ደኅና ነን። ባለፈው ስብሰባ ደኅና መሆናችንን እጃችንን አውጥተን በሙሉ ድምፅ ስላጸደቅነው፣ ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው ቢኖር እንኳ ከውሳኔው በኋላ የታመመ በመሆኑ አይቆጠርም።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሱቅ ግድግዳ ላይ፣ ሰው የስኳር ተራ በሚጠብቅበት ቦታ ተለጥፎ ሲያገኙት እንዳይከፋዎት አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ። ከዚህ ቀደም ሁለት ማመልከቻ በፖስታ አሽጌ በእጅዎ አስረክቤ ነበር። ሁለቱም እንደታሸጉ ከጠረጴዛዎ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎ ሥር ተቀምጠው በሄድሁ ቁጥር አያቸዋለሁ። ስለዚህ ሦስተኛውን በመክፈት እንዳይደክሙ ብዬ ክፍት አድርጌ ጻፍሁት። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ስለዚህ ጉዳይ ሊያነጋግሩኝ ቢፈልጉ ቤቴን የሚያሳያቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። ውሻዬም ለምዷቸው መጮኹን ከተወ ቆይቷል።

እኔ ኃይለ ገብርኤል ወርቅአገኘሁ፣ የቄስ ልጅ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ የምጽፍ፣ ዘርአ ዳዊት የሚባል አንድ ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ። «ያለኝ» የሚለውን ቃል የጻፍሁት በእጅ ልማድ አይደለም፤ ብዙ አስቤበት ነው። ምክንያቱንም ከታች ያገኙታል።

በሱቁ ደጅ የሚያልፍ እንግዳ አይጠፋምና ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ልጄ ዘርአ ዳዊትና የጎረቤታችን የወይዘሮ ኩብራ ልጅ አብዱልጀሊል ለብሔራዊ ውትድርና የተጠሩት በአንድ ቀን ነው፤ የተጫኑትም በአንድ መኪና ነው። እርስዎ ከመኪናው ፊት ቆመው ንግግር አድርገው ስለነበረ ቀኑን ያስታውሱታል። ንግግሩ ጠቃሚ በመሆኑ ስለረዘመ ልጆቹን ለመሳም ጊዜ አልተረፈም። ከማሠልጠኛው አንዳንድ ደብዳቤ መጣልን። ወደ ሰሜን ከሄዱ በኋላ ግን ከሁለቱም ምንም ነገር አልመጣም።

ባለፈው ኅዳር በደሴ መንገድ የሚመላለስ ዓወል የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ወይዘሮ ኩብራ ጨርቅ ከሚሸጡበት ቦታ መኪናውን አቁሞ ወረደና ከልጆቻችን አንዱን በቴሌቪዥን ማየቱን ነገራቸው። ኮምቦልቻ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሳለ የቆሰሉ ወታደሮች የሚያገግሙበትን ቦታ የሚያሳይ ፕሮግራም ቀርቦ ነበርና፣ ልጁ ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል አለ። የትኛው እንደሆነ ግን ሊለይልን አልቻለም። ዓወል ልጆቹን የሚያውቃቸው እዚህ ሲደርስ ጭነት ሲያራግፉለት ነው። ሁልጊዜም አብረው ነበሩ፤ ሁለቱም ረጃጅም፣ ሁለቱም ቀጫጭን ናቸው፤ ፀጉራቸው ተላጭቶ ደግሞ ማን ይለያቸዋል። ከሁለቱ አንዱ መሆኑን ግን ምሎ ተገዝቶ ነገረን፤ ፕሮግራሙ በታኅሣሥ እንደሚደገምም ጨምሮ ነገረን። እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ከሁለት ልጆች አንዱ በሕይወት አለ። የኛ ነው ወይስ የእነሱ? ይህን ሊነግረን የሚችለው በአዳራሻችን ውስጥ በሣጥን ተቆልፎ፣ ጢማቸው ከረዘመው ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሥዕል ሥር የተቀመጠው፣ ቁልፉም በእርስዎ ኪስ ያለው ቴሌቪዥን ብቻ ነበር።

ቀጥሎ ያሉት ቅሬታዎች ናቸው ቢባሉ ቅር ይለኛል። ምስጋናዎች ናቸው።

፩ኛ፣ ስለ ቀዩ ላስቲክ። በዐሥረኛው የአብዮት በዓል አዲስ አበባ ላይ ቴሌቪዥን ባለ ቀለም ሆነ የተባለ ጊዜ፣ ቀበሌያችን ወደ ኋላ እንዳይቀር ያሳዩትን ጥድፊያ ማንም አይረሳውም። የኛ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው። ደብረ ሲና አንድ መጠጥ ቤት ከላይ ሰማያዊ፣ ከመሐል ቀይ፣ ከታች አረንጓዴ የሆነ ላስቲክ በመስተዋቱ ላይ ለጥፎ ሰማዩን ሰማያዊ፣ ሣሩን አረንጓዴ እንዳደረገ ሰሙና ለኛም እንዲገዛልን ለኮሚቴው አቀረቡ። ኮሚቴው ረጅም ውይይት አድርጎ የሰማያዊው ቀለም አቋም ግልጽ አይደለም በማለቱ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰማዩም ቀላ፣ ባሕሩም ቀላ፣ ዜና የምታነበውም ልጅ ከነፀጉሯ ቀላች። የእነዋሪ የስንዴ አዝመራ በታየ ምሽት፣ ለገበያ መጥተው ከኋላ ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንድ የሞረትና ጅሩ ገበሬ አገራቸው የተቃጠለ መስሏቸው ዱላቸውን አንሥተው ሲወጡ በስንት ልመና መለስናቸው።

እኔ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ይዤ የመጣሁት ከዓወል ወሬ በኋላ ነው። ላስቲኩ ለዘለቄታው ይነሣ አላልሁም። ለአንድ ምሽት፣ ያም ወታደሮቹ ታይተው እስኪያልፉ ድረስ ብቻ እንዲነሣልን ነበር የለመንሁት። እርስዎም ሳይቆጡ፣ ፖስታውን ከብርጭቆዎ ሥር እያደላደሉ፣ «ዛሬ ቀዩን አንሡ ያለ ሰው ነገ ምን አንሡ ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ከባድ ስለነበረ እያሰላሰልሁት ወጣሁ። ሰው በዚህ ዕድሜው አዲስ ነገር የሚያስተምረው ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነውና እግዜር ይስጥልኝ። እግዜር ማለቴን የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሳይሰሙ ይለፉኝ።

፪ኛ፣ ስለ ድምፁ። ሰፊው ሕዝብ ዜናውን ብቻውን የሰማው እንደሆነ በስሕተት እንዳይተረጉመው ስለሚሠጉ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ በዘንግ እየጠቆሙ እርስዎ ራስዎ ያብራሩልናል። ከሩቅ አገር የመጡ እንግዳ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ምን እንደተናገሩ የምንሰማው ከእርስዎ ነው። በሩጫም ቢሆን ማን ማሸነፍ እንደሚገባው አስቀድመው ያሳውቁናል፤ ሯጩ አንዳንዴ ባይታዘዝዎትም ስሕተቱ የሱ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዎ አንድ ቀን እንኳ አልደከመም። በታኅሣሡ ምሽት ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ይዞ በወታደሮቹ ረድፍ መካከል ሲያልፍ፣ ልጆቹም አንድ በአንድ ስማቸውንና አገራቸውን ሲናገሩ፣ እርስዎ ስለ ምርት ዘመቻው ያብራሩልን ነበር። ስለ ምርት ዘመቻው በሚገባ ተረድተናል።

፫ኛ፣ ስለ አንቴናው ተራ። አንቴናችን በቧንቧ ብረት ላይ ታስሮ ከአዳራሹ ጓሮ ቆሟል። ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ነፋስ ስለሚያዞረው፣ ከሮንድ ጥበቃ ተራ ሌላ የአንቴና ተራ አውጥተውልን፣ በየምሽቱ ከየቤቱ አንድ አባወራ ብረቱን አቅፎ ይቆማል። ብረቱ በባዶ እጅ ካልተያዘ ምስሉ ይንቀጠቀጣል ስለተባለ ጓንትም፣ በጋቢ ጫፍ መያዝም ክልክል ነው። የአብዮት ጥበቃው ጓድ ገብረአማኑኤል በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ መለስ እያለ ያዝዛል። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ነው፤ ታኅሣሥ ነው፤ የቧንቧ ብረት ነው። ስለ ብርዱ አንድም ቃል አልናገርም፤ እርስዎ ከምድጃው አጠገብ ስለሚቀመጡ ነገሩ እንግዳ ይሆንብዎታል።

ወታደሮቹ የሚታዩበት ምሽት ተረኛው እኔ ሆንሁ። ሁለተኛው ማመልከቻዬ በዚህ ምክንያት ነበር። ከሌላ ሰው ጋር እንድለዋወጥ ለመንሁ፤ ጎረቤቶቼም ሊለውጡኝ ፈቃደኞች ነበሩ፤ አብረውኝም መጥተው ነገሩዎት። እርስዎ ግን ተራ ማለት ዲሲፕሊን መሆኑን፣ ሁሉም ልጄን ልይ እያለ ተራውን ቢለቅቅ አንቴናውን ማን ይይዘው እንደነበረ አስረዱን። በቀበሌያችን ልጁን ማየት የሚፈልግ ሰው ብዛት ስንት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ያን ምሽት እኔ ከውጭ ነበርሁ። ባለቤቴ ደመቀችና ወይዘሮ ኩብራ ከውስጥ፣ ከፊተኛው አግዳሚ ተቀምጠዋል። ሌላው ሕዝብ ቦታውን ለቆላቸው ነበር፤ ማንም ሳያዘው፣ ኮሚቴም ሳይቀመጥ። እኔ ብረቱን አቅፌ ግድግዳውን እመለከታለሁ። ገብረአማኑኤል ሲያዝዝ ቆይቶ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ ኃይለ ገብርኤል፣ መጡ። እንዳይነቃነቁ» አለኝ። አልተነቃነቅሁም። የእርስዎ ማብራሪያ ይሰማኛል፤ ስለ ማዳበሪያ አንድ ነገር ይሉ ነበር። ከዚያ እልልታ ሰማሁ። የደመቀች ነው፤ ለይቼ አውቀዋለሁ። ብረቱን ሳልለቅ ቆየሁ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ እልልታ ሰማሁ። እሱ የወይዘሮ ኩብራ ነበር።

እኔም የዋህ ነኝና ሁለቱም ልጆች የታዩ መሰለኝ። ዓወል አንዱን አይቶ ሌላውን ስቶት ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ሰው ሲወጣ ጠየቅሁ። የታየው ከሁለተኛው ረድፍ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ብርድ ልብስ የለበሰ አንድ ልጅ ብቻ ነው። ፊቱ በቀዩ ውስጥ ጠፍቷል፤ ዓይንና አፍንጫ የለውም፤ ከላዩም በረዶ የሚመስል ነገር ይወርዳል። ደመቀች አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ማድረጉን አየች፤ ዘርአ ዳዊት ዳዊት ሲደግም አንገቱን እንዲያ ያደርጋል። ወይዘሮ ኩብራም በመዳፉ ጉንጩን መደገፉን አዩ፤ አብዱልጀሊል ከሱቃቸው ሲቀመጥ እንዲያ ይደገፋል። አንዱን ልጅ ሁለቱም አገኙት።

አዳራሹ ሙሉ ሰው ይህን እያወቀ አንድም ቃል የተናገረ የለም። ደመቀች ወይዘሮ ኩብራን አቅፋ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻቸው። ወይዘሮ ኩብራም አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን አንቺንም ደስ ያለሽ አሏት። በማግስቱ ደመቀች ለገብርኤል የተሳለችውን አስገባች፤ ወይዘሮ ኩብራ እኛ ያረድነውን ስለማይበሉም አንዲት ዶሮ ከነነፍሷ ላከችላቸው፤ በራሳቸው እጅ አሳርደው እንዲበሉ ነው። እሳቸውም ሰደቃቸውን አውጥተው፣ ከራሽናቸው ስኳር ቀንሰው በሳሕን አድርገው ላኩልን። ይኸውና እስከ ዛሬ እንዲሁ ናቸው። አንዷ ከገበያ ስትመለስ ከሌላዋ ደጅ ቆማ ስለ ልጆቹ ታወራለች፤ ቁስሉ ድኖለት ይሆን፣ ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው፣ ከመስኮት አጠገብ መሆኑ ለነፋስ አጋለጠው እንጂ፤ ስለ አንድ ሰው የሚያወሩ ይመስላል፤ ነውም። ልጅ በሄደ ጊዜ እህል የማይቀምሱ የነበሩት ሁለቱም ሴቶች ዛሬ ይበላሉ፤ ይተኛሉም።

እኔን የጠየቁኝ እንደሆነ፣ ምንም አይሰማኝም። ሰው ሲደሰት አየሁ፤ አብሬ ተደሰትሁ አልልም፤ አዝኛለሁም አልልም። ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጬ የሰው ሐዘን እጽፋለሁ፤ ሟች አባቴ የሚለውንና ሟች ልጄ የሚለውን በአንድ ዓይነት ቁም ጽሕፈት እጽፈዋለሁ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ጣቶቼ እሳት ዳርም ሆኜ አይሞቁም። ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፤ ደኅና ነህ አሉኝ። ደኅና መሆኔ በስብሰባም ስለጸደቀ አልተከራከርሁም።

፬ኛ፣ እነሆ ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ የምሥራች ደረስሁ። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ፣ በመስከረም ሁለት በዓል ዋዜማ ከአውራጃው እንግዶች መጥተው ከኛ ጋር ቴሌቪዥን ስለሚመለከቱ፣ ላስቲኩ እንደሚነሣ፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተጠርቶ የማይዞር አንቴና እንደሚተክል፣ ድምፁም ከፍ እንደሚል አበሠሩን። ምስሉ ጥርት ብሎ፣ የሰው ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል አሉ። በዕለቱም የጀግኖች ቁስለኞችን የሚመለከተው ያው ፕሮግራም ለበዓሉ በድጋሚ ይቀርባል አሉ። ማንም ነዋሪ እንዳይቀር፣ የቀረ የወሩ ስኳር እንደማይሰጠውም አስጠነቀቁን። እኔ በታኅሣሥ ስለምነው አቋም የነበረው ቀለም፣ ለእንግዳ ሲሆን ላስቲክ መሆኑን በማወቄ ደስ ብሎኝ ከሁሉ ፊት አጨበጨብሁ። እያጨበጨብሁ ዘወር ስል ደመቀችና ወይዘሮ ኩብራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ሁለቱ በማግስቱ ወደምጽፍበት ቦታ መጡ። እንደ ባለጉዳይ ተራቸውን ጠብቀው፣ ጎን ለጎን ሆነው ከፊቴ ተቀመጡ። ባለቤቴ በቤታችን የሚነገረውን በቤታችን ልትነግረኝ ትችል ነበር፤ ግን እንደ ባለጉዳይ መጣች። ምን ልጻፍላችሁ አልሁ። ደመቀች መሬት መሬቱን እያየች፣ «አታጥሩት በልልን» አለች። ወይዘሮ ኩብራም፣ «እንዲሁ ደብዘዝ ብሎ ይቆይልን። ለሁለታችንም ይበቃል» አሉ። ብዙ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ ያለ ባለጉዳይ አጋጥሞኝ አያውቅም። የሚጨመርበት ነገር ስላላገኘሁ ከዚህ በላይ እንዳለ ጻፍሁልዎት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የምለምነው የሚከተለውን ነው። ላስቲኩ ባለበት ይቆይልን። ያኔ ቀዩን አንሡ በማለቴ አጥፍቻለሁ ካሉ አጥፍቻለሁ፤ በስብሰባ ፊት ቆሜ ግለሂስ አደርጋለሁ፤ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ። ድምፁንም ዝቅ እንዳለ ይተዉልን፤ ጋዜጠኛው ያን ልጅ ስም ሲጠይቀው እርስዎ ስለ ምርት ዘመቻው ያብራሩልን። እስከ ዛሬ በማብራሪያዎ መካከል ሰው ሲያንቀላፋ አይተው አዝነው ይሆናል። ያን ምሽት ማንም አያንቀላፋም። እንግዶቹ ፊት ጥሩ ምስል ማሳየት ግዴታ ከሆነ፣ ሁለቱ ሴቶች እንዲቀሩ ይፍቀዱላቸው፤ ስኳራቸው ይቅር። ይህም ቢሆን ብዙ አይጠቅምም፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶ ወጥቶ ማንኛዋን ደፍሮ ዓይን ዓይኗን ሊያያት ይችላል? ይህን ሳስበው ነው ከሁሉ የሚሻለው አለማጥራት ነው ያልሁት።

ሌላው ሁሉ የማይቻል ከሆነ ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ባለሙያው አዲሱን አንቴና ከበዓሉ በኋላ ይትከለው። ለዋዜማው ምሽት የቧንቧው ብረት ባለበት ይቁም፤ ተራውንም ለእኔ ይስጡኝ። ተራ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ይሁን ደስ ብሎት ይለቅልኛል። ተራ መለዋወጥ ከዲሲፕሊን ውጭ መሆኑንም አልረሳሁም፤ ሆኖም የዛሬው ልመናዬ ወደ ውስጥ ለመግባት ሳይሆን ወደ ውጭ ለመውጣት ስለሆነ ሕጉ እንደማይከለክለው አምናለሁ። ያን ብረት ስንት ክረምትና በጋ አቅፌ ስለቆምሁ ወዴት ሲዞር ምስሉ እንደሚጠራ አውቃለሁ። ወዴት ሲዞር እንደሚጠፋም አውቃለሁ።

እውነቱን ልንገርዎት። እኔ ማየት እፈልጋለሁ። በቀበሌው ውስጥ ያን ልጅ ያላየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌሊት ሌሊት የደመቀችን ትንፋሽ እየሰማሁ አንገቱ ምን ያህል ዘንበል እንዳለ ልጠይቃት አስብና እተወዋለሁ። ላስቲኩ ተነሥቶ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ልጁ ስሙንና የአባቱን ስም ሲናገር ብሰማ፣ የኔ ቢሆን ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ባይሆንም አላውቅም። የኔ ቢሆን ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ወይዘሮ ምን ይሆናሉ? ዶሮዋን ምን እናድርጋት፣ ስኳሩንስ በየትኛው ሳሕን እንመልስ? ስለዚህ ብረቱን ይስጡኝ። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ቆሜ አድራለሁ፤ ጣቶቼም ቀድሞውኑ ስለማይሰማቸው ብርዱ አይጎዳቸውም።

ይህን ሁሉ ለማንበብ ላባከኑት ጊዜ፣ ለሻይዎም መቀዝቀዝ፣ በቀበሌው ነዋሪዎች፣ በሁለት እናቶችና በአንድ ልጅ ስም ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ሥልጣንዎ ይጽና፤ ብርጭቆዎ አይጉደል፤ የሣጥኑም ቁልፍ ከኪስዎ አይጥፋ።

ለትእዛዝዎ ሁልጊዜ ዝግጁ የሆንሁ፣
በአንቴናው ተራ የሚያውቁኝ፣
የደመቀች ባል፣ የወይዘሮ ኩብራ ጎረቤት፣
የዘርአ ዳዊት ወይም የማንም አባት፣
ኃይለ ገብርኤል ወርቅአገኘሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለውትድርና በተጠራ ሰሞን እግሩን ላመመው ለልጅዎ ለገብረአብ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሜዳው አጠገብ ሳልፍ ኳስ ሲጫወት አየሁት፤ ድኖለታል መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ ከመሐል ሜዳ እስከ ጎሉ ሮጧል። ከሩቅ ነበርሁ፤ ቢሆንም ያለ አንቴና፣ ያለ ላስቲክ፣ ጥርት ብሎ ይታያል።